አቋራጭ ይዛ ከጠፋች እናት፣ ለወላጆች ምክር ክፍል

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የወላጆች ምክርና ድጋፍ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ የደላው፣ በየማለዳው ለእኛ ምክር የሚልኩበት ስልክዎም ባትሪው የማያልቅበት እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን ከስፌት መኪና ጋር የቆየ ጠብ ስላለው እንጂ በክፍልዎ ላይ አንዳች ቅሬታ የለውም።

እኔ ከሱቆቹ ጀርባ ባለው የልብስ ስፌት ቤት ጠርዝ የምቀመቅም፣ ሁለተኛ ክፍል የምትማር የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። በወላጆች ስብሰባ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ ሲባል ጫማዬን የማየው ሴት እኔ ነኝ ብልዎ ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ባያስታውሱኝም አልቀየምም፣ እዚያ የምቀመጠው እንዳልታወስ ብዬ ነውና። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ አድጌ፣ ይኸው እስከዚህ ዕድሜ ድረስ አንድም ብል ሳያገኘኝ ቆይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም ድፍረት አይደለም። ቢሮዎ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ቀጠሮ እንዳለኝ በትሕትና ብትጠይቀኝ፣ የለኝም ይቅርታ ብዬ፣ በሩንም ለእሷ ዘግቼላት ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ ሳበቃ ነው የመጣሁበት ጉዳይ ትዝ ያለኝ።

ጉዳዬም ይህ ነው። ልጄ አንብባ የመረዳት ችሎታዋ ስላልተሟላ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ አንደኛ ክፍል እንድትመለስ መታሰቡን፣ ውሳኔው ዓርብ እንደሚጸና፣ ለዚህም የበቃችው «ለተጣደፉ ወላጆች የተላኩት አቋራጭ ምክሮች በቤት ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ ባለመዋላቸው» እንደሆነ የሚገልጽ መልእክት ከክፍልዎ ደርሶኛል። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ምክሮቹን ሥራ ላይ አላዋልሽም መባሉ ስለከበደኝ፣ እንዴት እንዳዋልኳቸው በተራ ቁጥር ላስረዳ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ የኮከብ ሰሌዳ። ልጅዎ መልካም ነገር ስታደርግ ግድግዳ ላይ ኮከብ ይለጥፉላት ባሉት መሠረት፣ ከስፌት ቤቱ ከተረፈ ቢጫ ገበር ኮከቦች ቆርጬ ሰሌዳውን ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀልኩት። ልጄም ሰሌዳውን ለጥቂት ቀናት በጥሞና ካጠናች በኋላ፣ ለእሷ ብቻ መሆኑ አግባብ እንዳልሆነ ገልጻ፣ ለእኔና ለአባቷም መስመር አሰመረችልን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ ዳኝነት ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ኮከብ የለሽም፤ ቆይ፣ ቆይ ስትይኝ ነው የዋልሽው» ትለኛለች። ባለቤቴ የአውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቤት ስለማይውል ለመበደል ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ በኮከብ ይበልጠኛል። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ንቄ እንደመተው፣ አንድ ቀን ከቤት ከመውጣታችን በፊት ማንም ሳያየኝ ለራሴ አንድ ለጥፌ ተይዣለሁ።

ሁለተኛ፤ ጥራት ያለው አሥር ደቂቃ። ሥራ የሚበዛባቸው ወላጆች በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ ሌላውን ሁሉ ትተው፣ ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ቢያዳምጧት በቂ መሆኑን አንብቤ እጅግ ተደስቼ ነበር። በስልኬ አሥር ደቂቃ ሞልቼ፣ መቀሱን አስቀምጬ፣ ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጬ ዓይን ዓይኗን ማየት ጀመርኩ። ለተወሰነ ጊዜ እሷም አየችኝ። ከዚያ ግንባሬን በእጇ ዳስሳ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ፤ ደህና ነኝ ብላት አላመነችም፣ ውኃ አምጥታ አጠጣችኝና አባቷ እስኪመጣ ድረስ ጋደም እንድል አዘዘችኝ። እውነቱን ለመናገር ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ። ለዚህ ምክርዎ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሦስተኛ፤ የሳምንቱን ምግብ በእረፍት ቀን ሠርቶ ስለማስቀመጥ። ሠራሁ። ባለቤቴ እስከ ማክሰኞ ጨረሰው። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

አራተኛ፤ ድምፅ ስለመቅዳት። ማታ ለማንበብ ጊዜ የሌላቸው ወላጆች ታሪኩን ቀደም ብለው በስልክ ቀድተው እንዲያሰሙ በመከሩት መሠረት፣ በምሳ ሰዓት ከስፌት ቤቱ ጥግ ተቀምጬ የጅቡንና የጦጣዋን ታሪክ ቀዳሁ። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ እኛ ጋሽ መቀስ የምንላቸው፣ ምሳቸውን ቶሎ የሚጨርሱ ሰው መሆናቸውን ግን ዘንግቼ ነበር። በዚህም ምክንያት በእኛ ቤት በሚሰማው ታሪክ፣ ጅቡ ጦጣዋን ዛፉ ሥር አድፍጦ ሊይዛት ሲል፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ብሎ «ይህን ኮሌታ ገልብጦ የሰፋው ማን ነው?» ይላል። ልጄ ጦጣዋን ያዳናት እሱ እንደሆነ በጽኑ ታምናለች። ከኋላ የሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅ ደግሞ ለእሷ ዝናብ ነው፤ አሁን ያለ እሱ እንቅልፍ እምቢ ስላላት፣ አንዳንድ ማታ የምሰፋው ሳይኖረኝ ቤት ያለችውን አሮጌ የስፌት መኪና ባዶዋን እረግጥላታለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

አምስተኛ፤ ጊዜን ስለመቆጠብ የተሰጠው ሥልጠና። በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ግዴታ ነው ተብሎ ስለተጠራ፣ ጋሽ መቀስን ለምኜ፣ እሳቸውም ጊዜ መቆጠብ መማር ከፈለግሽ እዚህ ተቀመጪና አስተምርሻለሁ እያሉ ፈቅደውልኝ መጣሁ። ስክሪኑ እስኪበራ ጠበቅን፤ ከዚያ ስክሪኑን የሚያበራው ሰው እስኪመጣ ጠበቅን፤ ከዚያ የክብር እንግዳው እስኪመጡ ጠበቅን። ከጎኔ የነበረች እናት በዚያ መሃል ግማሽ ሹራብ ሠርታለች። ሥልጠናው ሲጀመር የእኔ ፈቃድ አልቆ ስለነበር ጎንበስ ብዬ ወጣሁ፤ ስለዚህ ጊዜ እንዴት እንደሚቆጠብ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ስድስተኛ፤ ይህ ዋናው ነው፣ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ወለል ለመወልወል ብቻ ነው። ማንበብ የተማርኩት ከጋሽ መቀስ ግድግዳ ላይ ነው። እሳቸው ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት የልብሱን ቅርጽ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ቆርጠው ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ እኔም ስቀመቅም እየዋልኩ፣ ፊደሉን ከሚያውቁት እየጠየቅሁ፣ እጅጌ እጅጌውን፣ ኮሌታ ኮሌታውን ማንበብ ቻልኩ። እውቀቴም በዚያው ልክ ነው። አንድ አገር ምርጫ ማካሄዱን አውቃለሁ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አላውቅም፣ አሸናፊው ብብት ላይ ተቆርጧል። ስለ ጉበት ጤንነት ከትከሻ እስከ ክርን ድረስ ማስረዳት እችላለሁ።

ያረጁትን ቅርጾች ጋሽ መቀስ ሲጥሉ፣ የልጆች ዓምድ ያለባቸውን እየመረጥኩ ለልጄ አመጣላት ጀመር። መጀመሪያ ያነበብኩላት ታሪክ አንዲት ጦጣ ወንዝ ዳር እንደደረሰች አለቀ፤ የሱሪው እግር እዚያ ላይ ነበር የሚያበቃው። ልጄ «ከዚያስ?» አለችኝ። ወረቀቱ አልቋል አልኳት። «ወረቀቱ እንጂ ጦጣዋ መች አለቀች?» አለችኝ። እኔም አፌ እንዳመጣልኝ ጦጣዋን ወንዙን አሻገርኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን አንድ ደንብ ወጣ፦ አንባቢው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ያነባል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ አድማጩ «ከዚያስ?» ካለ የቀረውን ከራሱ ይፈጥርለታል። አድማጩ ካልጠየቀ ግን ታሪኩ እዚያው ይቀራል፤ ያልጠየቀን ሰው በግድ መተረት በእኛ ቤት ነውር ነው። ማንበብ ስትችል ተራው የእሷም ሆነ። እኔ ልብስ ሳጥፍ እሷ ታነባለች፣ ጠርዙ ላይ ስትደርስ አፏን ዘግታ ዓይኗን ትጥልብኛለች፣ እኔም «ከዚያስ?» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ እራት እስኪቀርብ የሚያስቆማት የለም።

እንግዲህ የንባብ ፈተናው ዕለት መምህርቷ መጨረሻው ሆን ተብሎ የተተወ ታሪክ ሰጥታ፣ አንብቢና እስከ መጨረሻው ንገሪኝ አለቻት። በዓለም ላይ መጨረሻ በሌለው ታሪክ የሠለጠነ አንድ ልጅ ቢኖር የእኔ ናት። ልጄም ያነበበችውን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ሳታጓድል ተናገረችና፣ በቤቷ ደንብ መሠረት አፏን ዘግታ ጠበቀች። መምህርቷም ጨዋ ስለሆነች፣ ልጅቷን ላለማጣደፍ ብላ ጠበቀቻት። በር ላይ ይለፉ፣ ኧረ እርስዎ ይለፉ እየተባባሉ ሁለቱም ሳይገቡ እንደሚቀሩ እንግዶች፣ ሲተያዩ ቆይተው «ተቀመጪ» ተባለች፤ በስሟም ትይዩ «አላጠናቀቀችም» የሚል ተጻፈ። በመምህርቷ አልፈርድም፤ የቤታችንን ደንብ ከየት ታውቀዋለች? ልጄን ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት፣ «አልጠየቀችኝማ። አልፈለገችም ብዬ ነው» ነው ያለችኝ።

ስለዚህ ምክርዎን ባለመስማቴ ነው የተባለው ልክ አይደለም፤ ልጄን ለዚህ ያበቃኋት እኔው በራሴ ዘዴ ነው። የእርስዎ አቋራጮች ንጹሕ ናቸው። በራሴ አቋራጭ ነው የጠፋሁት።

ሆኖም አንድ ነገር ሳልነግርዎ ማለፍ አልቻልኩም። መልእክትዎ በደረሰበት ምሽት ስልኩ በእሷ እጅ ነበርና አነበበችው፤ እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ በደንብም ተረድታዋለች። «ወደ ታች የምወርደው አንቺ ምክሩን ስላልሠራሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አልጽፍም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ታሪክ ሳነብላት ጠርዙ ላይ ስደርስና ዝም ስል፣ እሷም ዝም ትላለች። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስባ «እሺ» ብላ ትተኛለች። እኔ ዝምታን የማውቀው ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ቤቴ ነው፤ ልጄ በስምንት ዓመቷ መጥታ ከጎኔ እንድትቀመጥበት ግን አልፈቅድም።

ስለዚህ ዓርብ ውሳኔውን ከማጽናትዎ በፊት፣ ውድ ጊዜዎን ብሻማም፣ ልጄን አስጠርተው ያንኑ ወረቀት እንዲሰጧት፣ አንብባ ጠርዙ ላይ ስትቆምም አንድ ጊዜ ብቻ «ከዚያስ?» እንዲሏት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ዛሬ ላይ ያ ጥያቄ ወዲያው ላይሠራ ይችላል፤ ካልሠራ እባክዎ ሁለተኛ ይሞክሩት፣ የመጠየቅ ፍላጎት እንዳለዎት ማየት አለባት። ከጀመረች ግን ወንበር ይሳቡ፤ አሥር ደቂቃ አይበቃዎትም። እኔም ዓርብ ጠዋት ከደጅዎ እገኛለሁ። ጸሐፊዎ ቀጠሮ አለሽ ወይ ብትለኝ የለኝም እላታለሁ፤ ይቅርታ የሚለውን ግን በዚህ ጊዜ እተወዋለሁ፣ በሩንም አልዘጋም።

ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሬ ስለማላውቅ፣ ያበዛሁት ካለ ልምድ ከማጣት ነውና ይለፉኝ። ለክፍልዎ የሥራ መቃናትን፣ ለምክሮችዎ አንባቢን፣ ለስክሪኑም መብራትን እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በኮከብ ከባሏ የምታንስ፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው
የሁለተኛ ክፍሏ ተማሪ እናት

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዛሬ ማለዳ «ልጅዎን ከትምህርት ቤት በሰዓቱ ይቀበሉ፤ የምትጠብቅ ልጅ ትሠጋለች» የሚለው ምክርዎ ደርሶኛል፤ እውነት ነው፣ እኔ ዘወትር እየሮጥኩ ነው የምደርሰው። ስደርስ በሩ ላይ የሚቀሩት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ አንዷ የእኔ ናት። ሁለተኛዋ ቀይ ቦርሳ የያዘች ትንሽ ልጅ ናት፤ ብቻዋን ትተናት መሄድ ስለማይሆንልን፣ የሚወስዳት እስኪመጣ አብረናት እንቆማለን። ለምን እንደምትቆይ ልጄ ብትጠይቃት፣ «እማዬ ለተጣደፉ ወላጆች ምክር ስለምትጽፍ ነው» ብላ በኩራት ነግራናለች። ዓርብ የውሳኔው ስብሰባ ቢረዝምብዎ በእሷ በኩል ምንም አይስጉ፤ እኛ አለን፣ አይጣደፉ።