ቶሪቢዮ ሰባት ጣት ስለተባለው ተፈላጊ

ለክቡር ኮሚሳር ዶን አኒባል ኦልሜዶ
የቪላ ሳልሴዶ ከተማ ደህንነት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዓመት አዛውንት ያለጥፋታቸው ስለመታደናቸው

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኛ ለትጋትዎ ምስጋና ይግባውና መስኮታችንን ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ደህና ነን። ጎረቤቶቼ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ዝም አይነቅዝም» ቢሉኝም፣ ሠላሳ ዓመት ጂኦሜትሪ ሳስተምር ስለኖርኩ የተሳሳተ ማስረጃ አይቼ ማለፍ አልሆንልኝ አለ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልጀምር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰዓት ሠሪው በሴሌስቲኖ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አራት ሰዎች ማቴ የተባለውን የቅጠል ሻይ በአንድ ቅል እየተቀባበሉ የምናብ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ ባላባት፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ አስማተኛ ይሆናል፤ ሴሌስቲኖ ታሪኩን ይመራል፣ የሚሆነውን የሚወረወረው ባለቁጥር ዳይስ ይወስናል። ደንባቸው ሁሉም በያዘው ሰው አፍ እንዲናገር ነውና አስማተኛውን የያዘው «ቶሪቢዮ ያቃጥላል» አይልም፣ «አቃጥላለሁ» ይላል። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት ዶኛ ፔትሮና «ነገ ማለዳ የገዥውን ግንብ አቃጥላለሁ፣ ወንድ ከሆነ ይሞክረኝ!» የሚል ሰምተው ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ወደ እርስዎ ሮጡ። እርስዎም ሴሌስቲኖን ጨዋታውን ከሚጽፍበት ደብተር ጋር ወሰዱት፤ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዓመቱን አስማተኛ የቶሪቢዮን ስም ደግሞ በአደባባይ ለጥፈው በሦስት ቀን ውስጥ እጁን እንዲሰጥ አዘዙት። ባለመቅረቡም ክሱ ከብዷል አሉ። ስለሆነም ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ግንቡ ያለው ሴሌስቲኖ በእርሳስ በሣለው ካርታ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም አልተቃጠለም። ዳይሱ በዝቅተኛው ቁጥር፣ በአንድ ላይ ስላረፈ የተቃጠለው የአስማተኛው የራሱ ጢም ነው። በደብተሩ ውስጥ ስግብግብና ፈሪ ተብሎ የተጻፈውን ገዥ ከእኛ ክቡር ገዥ ጋር ያመሳሰሉት እርስዎ እንጂ ደብተሩ አይደለም፤ እኔ ይህን ለማለት አልደፍርም ነበር፣ ድፍረትዎን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ አስማተኛው ከተራራው ማዶ ከሚኖር ዘንዶ ጋር መጻጻፉ «ከባዕድ ኃይል ጋር መገናኘት» ተብሏል። «ጥበብ 17፣ ጉልበት 6» የሚለውም የምስጢር ቁጥር ነው ተብሎ ሁለት ባለሙያዎች ዘጠኝ ቀን ደክመውበታል። አስማተኛው አስተዋይ ግን ደካማ ነው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። በመሥሪያ ቤትዎ ይህን የሚያህል ጥበብ ታይቶ ስለማይታወቅ ግራ ቢያጋባቸው አልፈርድባቸውም።

ሦስተኛውን የምጽፈው ፈርቼ ነው፣ አልደብቅዎትም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተጫዋችን እውነተኛ ስም መጥራት ነውር ነው፤ የጠራ ሰው የዕለቱን ቅል ያጥባል። ስለዚህ በደብተሩ ውስጥ የማንም ስም የለም። የሴሌስቲኖን ቤት ሊፈትሽ የመጣው ሻምበልዎ ለሚስቱ ለኢዳሊና «ባልሽ ግትር ነው። ‹ቶሪቢዮ የሆነውን ሰው ንገረንና ቤትህ ግባ› አልነው። እሱ ግን ደም በሞላው አፉ ‹ጠረጴዛ ላይ ስም አይጠራም› እያለ ይስቃል» ብሎ ነግሯታል። ሴሌስቲኖ የሰዓት ጥርስ ሲገጥም ትንፋሹን የሚይዝ፣ ዝንብ የማይነካ ሰው ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ስም ባለመናገሩ ብቻ ምን እንደደረሰበት እርስዎ ያውቃሉ፤ እኛ የምናውቀው ኢዳሊና በየቀኑ የምታደርስለትን ባቄላና የካሳቫ ቂጣ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳህኑ በጨርቅ እንደታሰረ ከነምግቡ ተመለሰ። የእስር ቤቱ ዘበኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «እናቴ፣ ከነገ ጀምሮ አይምጡ» አላት። ለምን እንደሆነ ብትጠይቀው በሩን ዘጋው።

ክቡርነትዎ፣ በሌለ ግንብ፣ በሌለ ገዥና በሌለ ተከሳሽ ላይ ያሳዩት ብርታት ለታሪክ የሚተርፍ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ እውነተኛው ሰው ሴሌስቲኖ ብቻ ስለሆነ እሱን በሕይወት እንዲመልሱልን እለምናለሁ።

በር በተንኳኳ ቁጥር እርስዎን በማስታወስ፣ በጥላዎ ሥር አንገቴን ደፍቼ የምኖር ታዛዥዎ፣

ፊሎሜና አርጉዌሎ
ጡረተኛ መምህርት

ግልባጭ፦
ለቤተ ክርስቲያኑ በር
ለዳቦ ቤቱ መስኮት
ለጀልባ ማቆሚያው ምሰሶ

ማስታወሻ፦ ቶሪቢዮ እኔ ነኝ። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ዶኛ ፔትሮና የወንድ ቢመስላቸው አይፍረዱባቸው። ስሜን ራሴ ስለጠራሁ ቅሉን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ሴሌስቲኖ ደንቡን አላፈረሰም። ቤቴ ከጀልባ ማቆሚያው ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር ነው፣ ክፍት ነውና ማንኳኳት አያስፈልግም። ኢዳሊና ሳህኑን እስካሁን አልፈታችም።