ሰር ያለሳለሱት ዓረፍተ ነገር

ማክሰኞ፣ ሜይ 2

የዶክትሬት አማካሪዬ ሰር ለመጽሔት የጻፍኩትን ረቂቅ መለሱልኝ። ቀይ በቀይ... ዓሣ አርቢዎች ኩሬያቸው ውስጥ ስለሚጨምሩት ዱቄት በእንግሊዝኛ የጻፍኩት "ይህ የኩሬ ዱቄት ዓሣ ይገድላል" ብዬ ነበር። አሥራ አራት ኩሬ፣ ሁለት ክረምት! አይቼ እኮ ነው።

"ናዝኒን፣ ይሄ የገበያ እንግሊዝኛ ነው። ታላላቆችሽ በሚያነቡት ላይ እንዲህ አይደፈርም።"

አንገቴን ደፍቼ "እሺ ሰር" አልኩ። ምን ሆኜ ነው ሁልጊዜ እሺ የምለው?

እሑድ፣ ሜይ 7

"ሳይጎዳ አይቀርም" አልኩ። አልበቃቸውም። ራሳቸው ጻፉት፦ "ዱቄቱ በአንዳንድ ሁኔታዎች በዓሣ ጤና ላይ መጠነኛ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችል ይሆናል የሚለውን ግምት ፈጽሞ ውድቅ ማድረግ አያመችም።"

"አሁን ምሁር መሰልሽ።"

ደስ አለኝ። እዚህ እንኳ ካልዋሸሁ... ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦገስት 17

መጽሔቱ ላይ ወጣ። ስሜ ሁለተኛ ነው። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 19

ኩዱስ ቻቻ ጋ ሄጄ ነበር፤ ሁለቱንም ክረምት ኩሬያቸውን ለጥናቴ በነፃ የሰጡኝ፣ እንደ አጎት ቻቻ የምላቸው ሽማግሌ። ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። የዓመት ጉርሳቸው!

"ዱቄት ሻጩ ያንቺን ወረቀት አመጣ። የመንደራችን መምህር ተረጎመልኝ። ዩኒቨርሲቲው መጥፎ ነው አላለም አለኝ።"

"ቻቻ፣ በአፌ ነግሬዎት አልነበር?"

"ነግረሽኛል። የታተመው ይበልጣል ብዬ ነዋ። እስቲ ገዳይ ነው የሚለውን አሳዪኝ እናቴ።"

ፈለግኩ... ገጽ ገለበጥኩ። ማሳየት አቃተኝ። ሰርን ልርገም? እሺ ያልኩትስ እኔ አይደለሁ?

እሑድ፣ ኦገስት 20

ለመጽሔቱ "ዱቄቱ ዓሣ ይገድላል" የሚል እርማት ላክሁ። ሰር ወዲያው ደወሉ።

"እኔን አዋርደሽ ዶክተር ልትሆኚ? አሁኑኑ ሰርዢው!"

"አልሰርዝም ሰር።"

"ምን አልሽ?"

ደገምኩላቸው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 23

ሰር ከአማካሪነት መልቀቃቸውን በደብዳቤ አሳወቁኝ። "ከታላቅ አክብሮት ጋር" ይላል። አይ አክብሮት! የአራት ዓመት ድካሜን እንዲህ በጨዋ ቋንቋ ቀበሩት። ሌላ አማካሪ ማን ይደፍራል? አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዱቄት ሻጩ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ በቤንጋሊኛ "ይህ ዱቄት ዓሣ ይገድላል" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ዓሣ ያለቀባቸውን ኩሬዎች ቁጥር፣ ስሜን፣ ስልኬን።

እስካሁን ሰባት ገበሬ ደውሏል። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ "ዱቄቱን ልጨምር አልጨምር?"

"አይጨምሩ" አልኳቸው።