ለማይደወልበት ስልክ የተከፈለ የቤት ኪራይ

ለተከበሩ የውድ ስልኮች አምራች ድርጅት የሽያጭ የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ዋጋ ሲተምን ለማይንቀጠቀጠው ቀኝ እጅዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ የቤት ደላላ ነኝ። ከጎሚስታው ሱቅ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጬ፣ ቤት ላጣው ቤት፣ ተከራይ ላጣው ተከራይ ሳገናኝ ፀጉሬ ሸብቷል። የስልክዎ ዋጋ ተገቢ ነው፣ አይደለም እያሉ ሰዎች በየታክሲው ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ዋጋ መጥራት የእኔም ሙያ በመሆኑ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ ልጽፍልዎ ደፈርኩ። ቅሬታዬን በቁጥር ያደረግሁትም ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ፣ የደከመዎት ቁጥር ላይ ሲደርሱ እንዲተዉት በማሰብ ነው።

፩. ስለ ቻርጀሩ። አፉ ስለማያርፍ ሬዲዮ የምንለው ባልደረባዬ መስኮት የሌለውን ክፍል ብርድ የማያስገባ ብሎ ያከራየ ሰው ነው፤ ሆኖም እሱ እንኳ የቤቱን በር ነቅሎ ለብቻው ሊሸጥ አስቦ አያውቅም። እርስዎ ግን ቻርጀሩን ከካርቶኑ አውጥተው ለብቻው ሸጡልን፤ ይህንንም ያደረጉት ለአካባቢ ጥበቃ ተጨንቀው መሆኑን በጨዋ ቋንቋ አስረዱን። ሬዲዮ ይህን የሰማ ዕለት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ለዚያ ጸጥታ ሰፈሩ ሁሉ ያመሰግንዎታል።

፪. ስለ ደመናው። የምናከራያቸውን ቤቶች ፎቶ ስናነሣ ስልኩ ቦታ እንደጠበበውና ፎቶዎቻችንን ደመና ላይ ሊያስቀምጡልን ፈቃደኛ መሆንዎን፣ ለዚህም በየወሩ እንድንከፍል ገለጹልን። አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ላሚቱን በወር ኪራይ ማስከፈል እንደሚቻል የደረሰበት ግን ከእርስዎ በቀር የለም። ደላላ ከአንድ ቤት አንዴ ብቻ ኮሚሽን ተቀብሎ ይሄዳል። ለካ እስከ ዛሬ በሥራችን ላይ ተኝተን ኖሯል።

፫. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ጉዳዩ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የአግዳሚው ወንበር ታላቅ ናቸው፤ ሬዲዮንም እኔንም ሥራውን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። የሚያከራዩት ቤት ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ፣ ተከራዩ ሳይጠይቃቸው የቱ ጋ እንደሚያፈስ በጣታቸው ያሳያሉ። ይህ ጠባይ ለደላላ አይመከርም፤ ነገር ግን ጋሼ ቤት ያገኙለት ሰው በሌላ ጊዜ ወንድሙን ይዞላቸው ይመጣ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ደንበኛ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው ፊታችንን መሆኑ ቀርቶ እጃችንን ሆነ። የጋሼ ስልክ ደግሞ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረች ተራ ስልክ ናት። ሰዎቹ እሷን ባዩ ቁጥር እንደዋወላለን እያሉ ይሄዳሉ፤ ይህ ቃል በእኛ ሥራ ደህና ሰንብት ማለት ነው።

ስለዚህ ለሦስት አዋጥተን ከመደብርዎ አንድ ውድ ስልክ ገዛን። ዋጋውን እርስዎ ስለሚያውቁት አልደግመውም፤ በእኛ መለኪያ ግን የአንዲት ክፍል የሁለት ዓመት ኪራይ ነው። ጋሼ ድርሻቸውን ያወጡት ለአከራያቸው ካስቀመጡት ላይ ነበር፤ አዎን፣ ለሰው ሁሉ ቤት የሚፈልጉት ሰው ራሳቸው ተከራይ ናቸው። በስልኩ ግርማ አንድ ደህና ቤት ካከራዩ ኮሚሽኑ ውዝፉን ይዘጋላቸዋል ተባብለን ተማመንን።

ስልኩን በተራ እንይዘዋለን። ደንበኛ የመጣለት ሰው ይወስደውና ካሜራዎቹ እንዲታዩ በደረቱ ደፍቶ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። አይደወልበትም። የእኛ ሲም ካርድ ትልቅ በመሆኑ የእርስዎ ስልክ ውስጥ ለመግባት መቆረጥ ነበረበት፤ ከተቆረጠ ደግሞ ወደ ተራዋ ስልክ አይመለስም። ስለዚህ በምንሠራበት ስልክ እየሠራን በምንከበርበት ስልክ መከበር ጀመርን። ውጤቱንም አልክድም፤ ሻይ ቤቱ እንኳ እግሩ የማይወዛወዝ ጠረጴዛ ይሰጠን ጀመር።

አንድ ቀን ባልና ሚስት መጡ፤ ተራው የጋሼ ነበር። ቤቱን አይተው ወደዱትና ሻይ ቤት ተቀመጡ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው የኩሽናው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ሳይጠየቁ ተናገሩ፤ ሚስትየዋም ስልኩን ሰረቅ አድርጋ አይታ፣ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል ብላ አመሰገነቻቸው። ቀብድ ሊከፈል ሲል ባልየው ቁጥርዎን ልያዘው ብሎ ጠየቀና እዚያው ደወለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የእርስዎ ስልክ ዝም አለ። የጋሼ የኮት ኪስ ጮኸ። ጋሼ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ባለ ላስቲኳን ስልክ አወጡና፣ ደዋዩ ከፊታቸው ቁጭ ብሎ እያዩት፣ ሃሎ አሉ።

ባልየው በስልኩ የዋሸ ሰው በቤቱ ምን ደብቆ ይሆን ብሎ ተነሣ። ሚስትየዋም፣ ቧንቧውን የነገረን ጣሪያውን ሊደብቀን ነው ብላ ተከተለችው። ጣሪያው ደህና ነበር ክቡር ሆይ፤ ጠብታ አያስገባም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራ ይሆናል፤ የጋሼ አከራይ ግን እስኪጠራ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ስልኩን ልንሸጠው ይዘን ብንዞር፣ እርስዎ በዚያው ሳምንት አንድ ካሜራ የጨመረ አዲስ ሞዴል አውጥተው ኖሮ፣ ገዢዎች የሰጡን ዋጋ እኔና ሬዲዮ ድርሻችንን ለጋሼ ብንተው እንኳ ውዝፋቸውን የማይሞላ ሆነ። አንድ ጥሪ ሳያስተናግድ አረጀ። ስልኩ ራሱ መያዣ ይሁንሽ ብለን አከራይቱን ብንለምናት፣ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ ሦስት ዓይን አለው፤ ጣሪያ ግን የለውም ብላ መለሰችልን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። በማግስቱ የጋሼ ፍራሽ ግቢው ውስጥ ወጥቶ አገኘነው።

፬. አራተኛው ቅሬታዬ ስለ ከቨሩ ነበር፤ አሁን ግን ስለተናደድኩ ይቅር።

እንግዲህ ዋጋው ተገቢ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ ሙያዊ መልሴ ይህ ነው፤ አይደለም። ለስልኩ ቢሆን ኖሮ እንከራከር ነበር፤ ካሜራው ግሩም ነው፣ መስታወቱም ያምራል። እርስዎ የሚያስከፍሉን ግን ሰው ሰውን ለሚያምንበት ነገር ነው፤ እሱን ጋሼ ከእርስዎ በፊት ለሰፈሩ በነጻ ይሰጡ ነበር። ከመደብርዎ ወዲህ እኔ ራሴ እንኳ የማላውቀው ሰው ሲመጣ ዓይኔ ወደ እጁ ይሄዳል፤ በዚህም አፍራለሁ።

ጋሼ አሁን የሚያድሩት ጎሚስታው አሮጌ ጎማ በሚከምርበት ክፍል ነው። ኪሳቸው ውስጥ የድሮ ደንበኞቻቸው በአደራ የሰጧቸው የአምስት ባዶ ቤቶች ቁልፍ አለ። ቢያንስ ብርዱ እስኪያልፍ አንዱን ከፍተው ይደሩበት ብዬ ለመንኳቸው። ሰው አምኖ ሰጥቶኝ አሉኝ፤ ቁልፎቹንም እንዳይጠፉባቸው ትራስ ሥር አድርገው ጎማው ላይ ተኙ።

ትሕትናዬ ካለቀብኝ በኋላም በትሕትና ለመሰናበት እየሞከርኩ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ ከማያፈስ ጣሪያ ሥር ረጅም ዕድሜ እንድትኖሩ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የሙያ ታናሽዎ፣
ከጎሚስታው ፊት ለፊት የሚቀመጠው ደላላ

ማስታወሻ፦ የሚቀጥለው ስልክዎ እስከ ዛሬ ከታየው ሁሉ የቀጠነ እንደሚሆን ማስታወቂያዎ ላይ አነበብን። ቢፈጥኑ ይሻላል፤ በመቅጠን ጋሼ ሳይቀድሙዎት አይቀርም።