የመሠረት ባቡር፣ የእኔ ስም

ሐሙስ፣ ጠዋት

ከሜይፌር፣ ከጆሃንስበርግ ሰፈራችን፣ ገና አልወጣንም። የተከራየነው ካምፐር፣ አልጋም ምድጃም ያለው ትልቅ መኪና፣ የጎረቤትን በር ዘግቶ ቆሟል። ሱማሌው ጎረቤታችን ክላክሱን ያስጮኻል። ባለቤቴ መሠረት ግን አትቸኩልም። በገዛ እጇ የሠራችውን ትንሽ ባቡር በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። ደርባን ከተማ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ጉባኤና ውድድር አለ። ለቤ/ክ ሰዎች፣ ለሱቃችን ዕቃ ልናመጣ ነው ብያቸዋለሁ። ላንተ ግን አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ፤ የቤ/ክ ሽማግሌ ሚስት በመጫወቻ ትጠመዳለች እንዳይባል ነው።

ሐሙስ፣ ማታ

መንገድ ላይ፣ የካምፐሮች ማደሪያ። ሩዝ ቀቀለች። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ቀስ በል ትለኛለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለባቡሩ ሰግታ። ሳቅን። እንዲህ ከሳቅን ቆየን።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ደርባን። አዳራሹ በአዛውንት ነጮችና ሕንዶች ተሞልቷል። መሠረት ያደገችበትን የአዋሽ ባቡር ጣቢያ በሞዴል ዘረጋች። ሐዲዱ፣ ብርቱካን ሻጮቹ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ የሠራችው ፉርጎ። ሰው ከበበን። የኤሌክትሪክ ገመድ ፍለጋ ሄደች። ወዲያው አዘጋጁ መጣ፣ ጨበጠኝ፣ የሠራኸው አንተ ነህ ወይ አለኝ።

አዎ አልኩ።

ለምን? አላውቅም። ሰው ሁሉ በአድናቆት ያየኝ ነበር። ዞር ስል ገመዱን ይዛ ቆማለች። ሰካችው። ባቡሩ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ማታ

ባቡሩ አንደኛ ወጣ። የተጠራው የእኔ ስም ነው። መድረክ ላይ ወጣሁ! እግሬ እንዴት እሺ አለኝ? አጨበጨቡ። እሷም አጨበጨበች። የገደለኝ እሱ ነው። አሁን ዋንጫው ካምፐሩ መታጠቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ

ጆበርግ። ፎርድስበርግ፣ ሱቃችን። አንድ የደርባን አበሻ ዋንጫ ስቀበል ፎቶ አንስቶኝ ኖሯል። ፎቶው የቤ/ክ ዋትሳፕ ላይ ዋለ። ፓስተሩ ደወለልኝ፦ «ወንድም አበራ፣ ይህን ሁሉ ጸጋ ደብቀህ ኖረሃል?» እሑድ ባቡሩን ለቤ/ክ ልጆች እንዳሳይ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። በእሷ እጅ መጫወቻ የነበረው በእኔ ስም ጸጋ ሆነ። ፊቴ ይቃጠላል።

ረቡዕ

ይቅርታ ልጠይቃት ሞከርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«በሥራዬ እንደምታፍር አውቅ ነበር፤ ችዬው ኖሬአለሁ» አለች። «ልትኮራበት ስትፈልግ ግን እኔን ከውስጡ ማውጣት ነበረብህ?»

እሑድ አብራኝ እንደማትቆም ነገረችኝ። አንተው አሂደው አለች። እኔ ማብሪያውን እንኳ አላውቀውም።

ዓርብ

ደርባን ደወልኩ። ለአዘጋጁ እውነቱን ነገርኩት። ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። ፊደል በፊደል ነገርኩት።

እሑድ፣ ጠዋት

እውነቱን ሳይሰማ የቀረው ቤ/ክ ነው። ፓስተሩን ከልጆቹ በፊት፣ በምእመናኑ ፊት ማይክ እንዲሰጠኝ ለምኜዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ለመሠረትም አልነገርኳትም። ሰው ፊት አትዋረድ፣ ተወው ብትለኝስ? ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እስክናገር ድረስ ምንም አልነግራትም። ለብሳ በር ላይ ቆማለች፤ ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ ትለኛለች።

እመጣለሁ።