ማረሻ ያልነካው ጓያ

ሰኞ
አልተሳካም። ባለፈው ሐሙስ በሹል እንጨት እየወጋሁ ከቀበርኋቸው የጓያ ፍሬዎች አሥሩን ቆፍሬ አየሁ፤ ሰባቱ ሻግተዋል። እንጨቱ የገብሱን እርጥብ ገለባ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ፍሬው አፈር ሳይነካ በገለባው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የዘሩ አይደለም።

አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ በሬያችንም በነሐሴ ሞተ። አጎቴ አያ ደምሌ በሽማግሌዎች ፊት፣ «እስከ መስከረም መጨረሻ ካልዘራችሁት የወንድሜን መሬት እኔ አርሰዋለሁ» ብለዋል፤ ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል። እናቴ በሬ እንዲያውሱን ብትለምናቸው፣ «የእኔ በሬዎች ጭቃ አይወዱም» አሏት። ሴት ደግሞ እርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ ያለ ማረሻ እዘራለሁ።

ማክሰኞ
አዲሱ ሥርዓት፦ አንደኛ፣ ገለባውን በመንሽ ገልጦ ጠባብ መስመር ማጽዳት። ሁለተኛ፣ መውጋት፤ ሁለት ፍሬ መጣል፤ በተረከዝ መርገጥ። ሦስተኛ፣ ወፍ እንዳያየው ገለባውን ስስ አድርጎ መመለስ። እናቴ ዘር ታቀብለኛለች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል።

አያ ደምሌ ሲያልፉ ቆመው አዩን። «የተማረችው ልጅ! ወግተሽ ገደልሽው ወይስ ገና ይተነፍሳል?» አሉኝ። መውጋቴን ቀጠልሁ። መዳፌ ውኃ ቋጥሯል።

ሐሙስ
ጨረስን! ገለባው ተመልሶ ስለ ለበሰ ማሳው እጅ የነካው አይመስልም። በሥራዬ ኮራሁ።

ዓርብ
ጨው ልገዛ የዓርብ ገበያ ሄጄ ስመለስ የአያ ደምሌ ከብቶች በሙሉ በማሳችን ላይ ነበሩ። እርሳቸው ከዳር ተቀምጠዋል።
«አንቱ፣ የተዘራ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።
«ትልሙ የታለ?»
«ማክሰኞ አይተውኛል እኮ!»
«ያየሁት ጭቃ የምትወጋ ልጅ ነው።»
ልማዱን አውቀዋለሁ፤ አዝመራው ከታጨደ በኋላ፣ ማረሻ እስኪነካው ድረስ፣ ገለባው ለአገሩ ከብት ሁሉ ነው። ምልክቱን የሸፈንሁት በገዛ እጄ ነው።

ቅዳሜ
ሽማግሌዎች መጡ። የነፍስ አባታችን በመቋሚያቸው ገለባውን ገለጡ፤ የኮቴ ጉድጓድ ብቻ ታየ። «ልጄ፣ ፈር የሌለው ማሳ እንደ ማሳ አይቆጠርም» አሉኝ። ፍርዱ፦ ከብቶቹ ጥፋት የለባቸውም። ሽማግሌዎቹ በስምንተኛው ቀን ተመልሰው ያያሉ፤ ካልበቀለ መሬቱ የአያ ደምሌ ነው።

እሑድ፣ ከስምንት ቀን በኋላ
በቅሏል። በመስመሩ ላይ ደኅና ነው፤ ኮቴ በረገጠው ስፍራ ግን ይበልጥ ጥቅጥቅ ብሏል። ከብቶቹ ፍሬውን ከእኔ ተረከዝ አጥብቀው ወደ አፈሩ ገፍተውታል።

አያ ደምሌ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እንግዲህ የዘሩት ከብቶቼ ናቸው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዱ ግን አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዞረው፣ «የከብቶቹ እግር አልረዳም ብለሽ ትምያለሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ።
እናቴ ነጠላዬን ሳበችው።
«አልምልም» አልሁ። «ረድቷል።»

መሬቱ ለእኛ ጸና፤ የዘንድሮው ምርት እኩሌታ ግን ለአያ ደምሌ ተፈረደ። እቤት ስንደርስ እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ለአንድ ቃል ብለሽ ጾም አሳደርሽን» አለችኝ።

በሐሰት መማል እንደማልችል ታውቃለች። እኔም የዘሩ ቋት ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። እርሷ ተኝታለች፤ ወይም እንደ ተኛች እንድቆጥር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።