የረዘመው እጅጌ

ውድ ወንድም ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

የልብስ ስፌቱ ሥራ ቀና አላስብል ብሎኛል። ልጄም የጉሮሮ ሕመሟ ከተሻላት ሦስት ሳምንት ሆናት። ብቻ ወድቃ የተላጠው ክርኗ፣ ቁስሉ ድኖም ነጭ ቅርፊት ያረግፋል። «አያሳክከኝም» ትለኛለች፣ እያከከች።

ሐኪሙ «ከቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ቆዳ ያለው አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ኧረ የለም» አልኩት። ምን እንደነካኝ እንጃ። ሰኞ ቀጥሮናል።

አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት እጅጌዬን አልጠቀልልም ያለው ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነበር? አንተ ታላቅ ነህ፣ አታጣውም። ከሰኞ በፊት ጻፍልኝ።

የዩኒፎርሟን እጅጌ እስከ መዳፏ አስረዘምኩት። «እማዬ፣ ይሞቀኛል» አለችኝ። አባባ ስንጠይቀው ይለን እንደነበረው፣ «ይለመዳል» አልኳት።

በል ወንድሜ፣ ገላህን ደህና ያድርግልኝ።

ታናሽ እህትህ