ለከብቶች ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዝናቡ አቆመ፣ ጭቃው ግን አለ። ጫማዬን ቢሮ በር ላይ ስፍቅ አቶ ኃይለመለኮት ጠሩኝ። አለቃዬ ሲጠሩ ለመልካም አይደለም...

አዲስ ሥራ። የቤት ውስጥ ተባይ ጥናት። ቅጹ ከአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። ትኋን፣ ቁንጫ፣ በረሮ፣ ቅማል... ከፊት ለፊቱ አለ፣ የለም። ብዙ "አለ" ያለበት ቀበሌ ርጭት ያገኛል። ከጎኑ ደግሞ የየአካባቢውን መጠሪያ እንድሞላ። "ሰው በለመደው ስም ካልጠየቅሽው አይመልስልሽም" አሉ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በረሮ ያየሁ ቀን ምሳ የማልበላ ሰው! ቅጹን ሳነበው ራሱ ጭንቅላቴን በላኝ።

አብራኝ የምትዞረው ሊሻን ናት። የጉራጌ ልጅ ሆና ሀዲይሳም ከምባቲሳም አቀላጥፋ ትናገራለች። እኔ እዚሁ ሆሳዕና ተወልጄ ከሰላምታ አላልፍም። ያሳፍራል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከሥራ ስወጣ አባዬ ጋ ጎራ አልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ አስተምሮ ጡረታ ወጣ፣ አማርኛው ግን እስከ ዛሬ ከጎጃም አልወጣም። ቅጹን አነበብኩለት። ትኋን ሲል "ኋ"ን ከጉሮሮው ጎትቶ ነው የሚያወጣት። እኔ "ቱሃን" ስል ሳቀብኝ። ቢምቢ የሚለውንማ ጨርሶ አይወደውም። "ትንኝ ናት። ቢምቢ ያላችሁ ማነው?" የቢሯችን ጥበቃ መጅገር ይላል፣ አባዬ መዥገር። ለአንድ ደም መጣጭ ሁለት ስም። በሁለቱም ያስጠላል።

"አንተ ቤትስ አለ?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ትኋን ነዋ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ ቤት? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?" ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከመናኸሪያው ጀርባ መሐመድአሚን ሱቅ ሄድን። የተባይ መድኃኒት የሚሸጠው እሱ ነው። የጊምቢቹም የዳምቦያም ሰው ከመኪና ሲወርድ እሱ ጋ ስለሚገባ ስሞቹን ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም ብለን።

ሳቀ። "ስሙን የሚጠራ ሰው ያለ መስሏችሁ ነው?"

ገበያተኛው እንዲህ ነው አለ። "ያንን መድኃኒት ስጠኝ።" የቱን? "ያንን... ለከብቶች ነው።" ሁሉም ለከብቶች ነው የሚገዛው። አራተኛ ፎቅ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ሳይቀር ለከብቶች። እሱም አይጠይቅም። በጋዜጣ ጠቅልሎ በጥቁር ፌስታል ይሰጣቸዋል፣ ከተማውን እንዲያ ሸፍኖ ይኖራል።

ቆመን እያለን አንዲት ሴት ገባች። ንጹሕ ነጠላ፣ ንጹሕ ጫማ። እኛን አየችና ክብሪት ገዝታ ወጣች። "የመጣችው ለክብሪት አልነበረም" አለ መሐመድአሚን።

መስታወቱ ጥግ አንድ በረሮ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። እግሮቹ ወደ ላይ... ያዘዘልንን ሻይ መጠጣት አቃተኝ። ሊሻን የኔንም ጠጣችው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዳምቦያ። አሥራ አንድ ቤት።

ስሙን የማያውቅ የለም። አንዱ ቱካን፣ አንዷ ቱሃን። አንዲት አሮጊት በከምባቲሳ ነገሩን። ሊሻን ሦስቴ ደገመችልኝ። መሐሉ ላይ ጠበቅ የሚል ድምፅ አለው፣ በፊደላችን ስጽፈው ላልቶ ሌላ ነገር ሆነ። ተውኩት።

ስሙን ደስ ብሏቸው ይናገራሉ። "እናንተ ቤትስ?" ስንል ነው ነገር የሚበላሸው። "ኧረ የለም። እነዚያ ማዶ ያሉት ናቸው እንዲህ የሚሉት።" ማዶ ተሻገርን። ማዶ ያሉት ደግሞ ወዲህ ጠቆሙን።

አንዷ አልጋ ላይ አስቀመጠችን። የክብር ቦታ መሆኑ ነው። ከትራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ቡናማ ጭረት አለ፣ አምስት ስድስት ቦታ። በጣት የተጨፈለቀ ደም። አየሁ። ማየቴን አየች። ባሏ ቆሟል፣ አማቷ ተቀምጠዋል፣ ጎረቤት በር ላይ ነው።

"አለ?"

"የለም።"

የለም ብዬ ጻፍኩ። ሰው ፊት ምን እንድትል ነው? ገበናዋን ሸፈንኩላት ብዬ ደስ አለኝ። ስነሳ ግን ቀሚሴን አራገፍኩ። ደጋግሜ። ሳታየኝ አትቀርም...

አሥራ አንድ ቤት፣ አሥራ አንድ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጊምቢቹ። ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ የለም። የስም ዓይነት ግን ሰባት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ልጄ ሊያ ክንዷ ላይ ቀያይ እብጠት። ሦስት፣ በመስመር። አንገቷ ላይም ሁለት። ምን በልታ ነው? ትናንት ባለቤቴ ዋለ ከወልቂጤ ሲመጣ ያመጣላት ብስኩት ይሆን? አባት በወር አንዴ ሲመጣ ጣፋጭ ነው የሚያመጣው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ብስኩቱ አይደለም።

ጠዋት ፍራሹን ገለበጥኩት። ስፌቱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ። ሻጋታ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ስል አንዱ ነጠብጣብ ተንቀሳቀሰ። እንደ ምስር ክክ ጠፍጣፋ። ከሥሩ ሌላ፣ ከሌላው ሥር የተቆለለ... ልጄ የተኛችበት! አንዱን በወረቀት ጫንኩት። ደም። የማን ደም ነው? ሽታው የበሰበሰ ድንብላል ይመስላል፣ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ደጅ ወጥቼ አስመለስኩ። ያከራየችን እትዬ ሃቢባ አየችኝ። "ምን ሆንሽ ልጄ?" ጨጓራዬ ነው አልኳት።

ከየት መጣ? ከዳምቦያው አልጋ በቀሚሴ ይዤው መጥቼ ነው? በሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ይፈላል እንዴ? አይፈላም። ከበፊትም ነበር ማለት ነው። ከዳምቦያ ነው ብል ግን ይቀለኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

መሐመድአሚን ሱቅ። ብቻዬን። ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩ።

"ለአባቴ ከብቶች ነው" አልኩ። አባዬ ዶሮ እንኳ የለውም።

ሳቅ አላለም። በጋዜጣ ጠቀለለው፣ ጥቁር ፌስታል። ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጅ ካለ አታቅርቢ። አንድ ክፍል ብቻ ከረጨሽ ደግሞ በግድግዳው ይመለሳል፣ ግቢው በሙሉ መረጨት አለበት" አለኝ። ስለ ከብት እያወራ እንደሆነ ሁሉ ራሴን ነቀነቅኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የኛ ቀበሌ ተራ ደረሰ። ሊሻን ቅጹን ይዛ የኛ ግቢ ገባች። እትዬ ሃቢባ ወንበር አወጣችላት። የአምስቱም ክፍል ተከራይ ተሰብስቧል።

"ሥራ ነው፣ አንቺንም ልጠይቅ" አለች ሊሻን ፈገግ ብላ። "አለ?"

እኔም የተነከስኩበትን ክንዴን በሻርፕ ሸፍኜ "የለም" አልኩ።

ጻፈች። በቀበሌያችን አርባ ቤት፣ አርባ የለም። አንዱ እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሊያን ከመዋዕለ ሕፃናት መለሷት። "ተላላፊ ነገር ይመስላል፣ የሐኪም ወረቀት ሳትይዝ እንዳትመጣ።" ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ጋ ቆማ አገኘኋት። ከሌሎቹ ልጆች ለብቻዋ አቁመዋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ክሊኒክ። በሩ ክፍት፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው አፋችን ላይ ነው። ከነሱ አንዷ ልጇ ከሊያ ጋር የምትማር ናት።

ሐኪሙ እብጠቱን አየ። "ቤታችሁ ትኋን ወይ ቁንጫ አለ?"

"የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የለም አልኩ እኮ።"

"እንግዲያውስ እከክ ነው የሚመስለው።" ከአንገት በታች የሚቀባ መድኃኒት አዘዘ፣ ለሦስት ቀን።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ቀባኋት። ቆዳዋ በማከክ ተልጧል። መድኃኒቱ ሲነካት እንዴት እንደጮኸች... "እማዬ ያቃጥላል፣ እማዬ በቃ።" ያዝኳትና ቀባሁ። እከክ እንዳልሆነ እያወቅኩ። እያወቅኩ ያዝኳት።

ሁለተኛውን እጅ ስጀምር ጠርሙሱን ወርውሬ በውሃ አጠብኳት። እያለቀሰች እንቅልፍ ወሰዳት፣ ወንበር ላይ። አልጋው ላይ አላስተኛኋትም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አባዬ ስንት ዓመት ተማሪ ያስጻፈው ምሳሌ ነው። የኔን ውሸት ግን የከፈለችው የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ትኋን ያስጠላኛል ስል ኖሬ... ዛሬ ከትኋኑ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ክሊኒክ ተመለስኩ። በሩ ዛሬም ክፍት ነው። "ቅዳሜ ዋሽቼሃለሁ፣ ትኋን አለ" አልኩት። ሐኪሙ አልተቆጣም። ሌላ ቅባት፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱም ወረቀት ጻፈልኝ። "ቤቱ ካልጸዳ ግን ይመለስባታል" አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

አቶ ኃይለመለኮት ጠረጴዛ ላይ ዝርዝሩ አለ። የኛ ቀበሌ ዜሮ። ዳምቦያ ዜሮ። ጊምቢቹ ዜሮ። የርጭት ቡድኑ ወደ ሌላ ወረዳ ሊሄድ ነው።

"ውሸት ነው" አልኩ። "የኔን ቤት ጨምሮ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ስሞቹን እንዲህ አሳምረሽ ሞልተሽ ቤቶቹን ረሳሻቸው?" ዝርዝሩን ወደኔ ገፉት። "እስከ ኅዳር 3 ካላስተካከልሽ ቡድኑ ይሄዳል" አሉ።

የመጀመሪያውን መስመር እዚያው ሞላሁ። የቤት ቁጥር፣ ስም ትርሲት ይበልጣል፣ ትኋን... አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ከሊሻን ጋር ከራሴ ግቢ ጀመርኩ። ሻርፑን ቤት ትቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ። ወንዶቹ ሥራ የሄዱበትን ሰዓት ጠብቀን፣ አንድ በአንድ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ። ይህን መጀመሪያ ማሰብ ነበረብኝ።

"እኔ ቤት አለ። ልጄን በላት። እናንተ ቤትስ?"

የመጀመሪያዋ ክንዴን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ የራሷን ልብስ ሰበሰበች። ጭኗ... አልጽፈውም፣ ዘገነነኝ። ሁለተኛዋ ትራስ አምጥታ ስፌቱን ፈልቅቃ አሳየችን። "ሰባት ዓመቴ ነው ከሱ ጋር" አለች። የተጨፈለቀውን በጣቷ እያሳየችኝ ፈገግ ትላለች። እኔ ትንፋሼን ይዤ እጽፋለሁ።

እትዬ ሃቢባ ግን ከደጇ አላሳለፈችንም። "በቤቴ ደጃፍ ስሙን ጠራሽው? ለልጄ ሽማግሌ ሊላክ ነው። ትኋናም ቤት ነው እንዲባል?" ከዚያ ዝግ ብላ "እስከ ኅዳር መጨረሻ ቤት ፈልጊ" አለችኝ። አንድ ቀን ክፉ ተናግራኝ አታውቅም። ስድስት ዓመት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

አባዬ ደወለ። ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ጉልበቱ አወራ። ሊዘጋ ሲል "እኔንም ጻፊኝ" አለ። ስሙን አልጠራውም። እኔም አላስጠራሁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዳምቦያ። ያቺው ሴት። ዛሬ ባሏ እርሻ ላይ ነው። አልጋው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ሳትጠይቀኝ። ክንዴን አሳየኋት። ለሊሻን በከምባቲሳ አንድ ነገር ብላት ሁለቱም ሳቁ።

"ምን አለች?"

"ያን ጊዜ ቀሚስሽን ስታራግፊ እዚሁ ትኋንሽን ጥለሽላቸው የሄድሽ መስሏት ነበር።"

ሳቅኩ፣ ፊቴ እየነደደ። ፍራሹን አነሳችው። እየቀፈፈኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አለ።

ጊምቢቹ እኔ አልደረስኩም፣ ሊሻን ትናንት ሄዳ ጨርሳለች። የኛ ቀበሌ፦ ከአርባው ሠላሳ አንዱ አለ ብሏል። ዘጠኙ አሁንም የለም። ከዘጠኙ አንዷ እትዬ ሃቢባ ናት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሁለት ቤት አየሁ። አንደኛው ጨለማ። ሁለተኛዋ አከራይ "ያቺ የትኋኗ ሴትዮ አንቺ ነሽ አይደል?" ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ሊያ ግን ትምህርቷን ጀመረች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ርጭቱ ዛሬ ሆነ። ትናንት ለኅዳር ሚካኤል ሲቃጠል የዋለው ቆሻሻ ጭሱ ገና ሰፈሩ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ፍራሹን እያወጣ መንገድ ዳር ያሰጣል። ይህን ያህል ፍራሽ፣ ይህን ያህል ጥቁር ነጠብጣብ በፀሐይ አይቼ አላውቅም። የሀብታሙም፣ የመምህሩም፣ የዘማሪዋም። አንዱ በሀዲይሳ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ስሙን እየጠራ ያራግፋል። ለከብቶች ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

የእትዬ ሃቢባ በር ዝግ ነበር። ረጪዎቹ የኛን አምስት ክፍል ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ ተከፈተ። ትልቁን የጥጥ ፍራሽ ብቻዋን እየጎተተች መጣች። ደፉ ላይ ተሰነቀረ። ግማሹ ውስጥ ግማሹ ደጅ፣ ስፌቱ በሙሉ ጥቁር ነው። ግቢው ሁሉ ያያል። ላብ አጥምቋታል፣ ቀና ብላ የምታየው ሰው የለም።

እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ቤት አግኝቼ እንደሁ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

"ትርሲት" አለች። "ነይ፣ ወደ ውስጥ ተሻግረሽ በዚያ በኩል ያዢልኝ።"

ያዝኩት። አንዱ ትኋን ወደ እጅ አንጓዬ ወጣ። ቀፈፈኝ፣ ግን አልለቀቅኩም።

"እኔ ወደ ኋላ እየጎተትኩ ልሂድ፣ አንቺ ግፊ" አለች። ገፋሁ።